ለመስኖ ተጠቃሚ አባሎቻችን፦ ስለ በቆሎው አረም

ጤና ይስጥልን። እኛ ቀወት ቆላ ያለን ሰዎች የመስኖ በቆሎ ልንዘራ ስለሆነ ስለ አረም ጥቂት ልበል።

ከመዝራታችሁ በፊት ማሳውን አጠጡና አረሙ ይብቀል። ከዚያ አርሳችሁ ገልብጡት። ሳምንት አሥር ቀን ያስጠብቃል፤ በኋላ ግን ጎንበስ ብሎ ከመዋል ያድናል።

ውሃ ስትለቁ አንዱን ቦይ እየዘለላችሁ ይሁን፤ በሚቀጥለው ተራ ቀያይሩ። ደረቁ ቦይ ላይ አረም ቶሎ አይነሳም፤ ለታችኞቹም ውሃ ይደርሳል።

በቆሎው ከስንዝር ሲያልፍ አርማችሁ መደቡን ጉዝጓዝ፣ ማለትም አፈሩን የሚሸፍን አገዳ ወይም ሣር፣ አልብሱት፤ ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር፣ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ። ቦዩን አትድፈኑ። አምና እኔ ደፍኜ ውሃው ጎረቤት ማሳ ገባ፤ ስንጨቃጨቅ ዋልን። የጤፍ ጭድ አልላችሁም፤ ከብቱ ምን ይብላ? የማሽላ አገዳ ወይም ዘር ያልያዘ ሣር ይበቃል። ፓርቲኒየም የሚባለውን አረም አብቦ ከሆነ ግን እንዳታስቡት።

እንግጫ የሚባለው ሣር መሰል አረም ጉዝጓዙን ወግቶ ይወጣል። እሱን ከነሥሩ ቆፍሮ ማውጣት ነው። ምስጥ ያለበት ማሳ ላይ ደግሞ ጉዝጓዙን ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ።

አገዳ ያነሰው ይንገረኝ፤ አንድ ጋሪ የሚሆን ተርፎኛል።