ለቅሬያችን (ለእድራችን) አባላት፦ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቦታ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የቅሬያችን አባላት።

ማክሰኞ ዕለት ከአንዲት የሰፈራችን እናት ጋር የመጦሪያ ቦታ ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። የማመልከቻቸውን ቅጂ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል። ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ተቀዷል። "ተራ ይጠብቁ" ተባሉ። "ስንተኛ ነኝ?" ቢሉ መላሽ የለም። ከሳቸው በኋላ ያመለከቱ ሰዎች ግን ገብተዋል። በምን መስፈርት? የሚነግረን አላገኘንም። የደሴን ዳገት ስንመለስ ሦስቴ ቁጭ ብለው አረፉ። አንጀቴን በሉት።

ቦታው ጥቂት መሆኑ ይገባኛል። ጥቂት ሲሆን ነው እንግዲህ ዝርዝሩ በይፋ መለጠፍ ያለበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ አሠራሩ ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590ም አለ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ስለዚህ በጽሑፍ እንጠይቅ። ስንት ቦታ አለ? ማን ይወስናል? ተራው እንዴት ይያዛል? ደብዳቤው በቅሬው ማኅተም ይወጣል። እሁድ ከስብሰባው በኋላ ቆዩና ፈርሙ። ጧሪ የሌለው ጎረቤት ያላችሁ ያመለከተበትን ቀን ጠይቃችሁ ኑ። መምጣት የማይችሉትን ቤታቸው ሄደን እናናግራቸዋለን።