«ባሪያ» ስለሚባለው ስድብ በአዳራሻችን እንነጋገር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ጠበል ጠዲቅ እየቀመስን ሳለ አንድ ልጅ ኳስ የቀማውን ጓደኛውን «አንተ ባሪያ!» አለው። የተሰደበው ልጅ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ መብላቱን ተወ። እኛ ትልልቆቹ «ተው እንጂ» ብለን ወሬያችንን ቀጠልን። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቃሉን ከየት አመጣው? ከእኛው ነዋ። የባሪያ ንግድ በዚሁ በሐረር በኩል ወደ ዘይላ ወደብ ያልፍ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ የተሻረው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ነው፣ የብዙዎቻችን አያቶች በሕይወት እያሉ ማለት ነው። ጣሊያን ነጭና ጥቁርን ስለለየበት ሕግ ሲነሳ ሁላችንም እንናገራለን፤ ወደ ራሳችን ሲመጣ ግን ዝም።

አባቶችን የምለምነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለሰርግ እንደሚከፈተው ሁሉ በወር አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ ይከፈትልን። ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ይንገሩን፣ የተሰደቡትም ይናገሩ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን። የመጋላ ሰፈር ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይምጡ፣ ታሪኩ የጋራችን ነው። ለዚያ ልጅና ለእናቱ ከፊት ወንበር ይያዝላቸው።

የከዚራ ነዋሪ