ደረሰኝ ላይ ስለወጣው ረጅም ቁጥር
ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሰኞ የሂሳብ ፕሮግራማችን ደረሰኛችሁ ላይ ላወጣው ረጅም ቁጥር ይቅርታ እንጠይቃለን። ገዢ ፊት ማፈር ከባድ ነው።

እኛም ግን የምንለው አለን። ለገጣፎ ቅመም የሚሸጡ ደንበኛችን የደረሰኙን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ። 0.1 ኪሎ በርበሬ መባል ሲገባው 3602879701896397/36028797018963968 ኪሎ ይላል። «ይሄ የበርበሬ ነው ወይስ የባንክ ሂሳብ ቁጥር?» አሉኝ። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ከፋኝ። ቁጥሩ እኮ ውሸት አይደለም። ኮምፒውተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። ከአስር አንዱን እቅጩን መያዝ አይችልም፤ እኛ ሲሶን 0.333 እያልን እንደማናበቃው ማለት ነው። የሆነ ቦታ ይቆርጠዋል። ቆርጦ የያዘው ያንን ረጅም ክፍልፋይ ነው። ድሮም እዚያው ነበር፤ ፕሮግራሙ 0.1 እያለ ይሸፍንላችሁ ነበር እንጂ። 0.1 ላይ 0.2 ደምር ሲባል 0.30000000000000004 የሚለውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ነካካችሁት? ወር ሲዘጋ ሳንቲም ጎደለ እያላችሁ ስትደውሉ የነበራችሁት እናንተው ናችሁ! የሦስት ሸሪኮች ትርፍ ሲካፈል ሁሌ አንዷ ሳንቲም ትጠፋለች። ስለዚህ ላዕሉንና ታሕቱን ለየብቻ በሙሉ ቁጥር መያዝ ጀመርን። ሲሶ ሲሶ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሦስቴ ሲደመር ድፍን 1 ይሆናል። እናቴ ጉልት ስትነግድ ሂሳቧን በቃሏ ነበር የምትይዘው። ሩብና ሲሶ ተምታቶባት አያውቅም። እኔ ተምሬ፣ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ እሷን ማከል አቃተኝ ብዬ ስንት ሌሊት እንዳደርኩ እግዜር ይወቀው።

ጥፋታችን የድሮውን መዝገብ እንዳለ ማዛወራችን ነው፤ ተሸፍኖ የነበረው ረጅም ክፍልፋይ አብሮ መጣ። አሁን ፕሮግራሙ ታሕቱ ከ1,000 ሳይበልጥ በጣም የሚቀርበውን ክፍልፋይ ይመርጣል። ለግራም ይበቃል። በርበሬው 1/10 ኪሎ ሆኗል፤ ደረሰኙም እንደ ድሮው 0.1 ይላል። ወር መዝጊያው ትንሽ ይዘገያል፣ ታገሱን።

የሰርቨር ኪራይ የምንከፍለው በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ከአያት ወዲያ ያለችው ቢሯችንም ኪራይ ጨምራለች። እናንተ ላይ ግን አልጨመርንም። ሌላ ፕሮግራም እያማረጣችሁ ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት አንዴ ደውሉልኝ።

ማስተካከያውን ያልጫናችሁም እንዲሁ። ኔትወርክ ከሌለ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ፤ ሰንዳፋ ድረስም ቢሆን።