ካቆምንበት እንቀጥል

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደኅና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ከርሜ ዛሬ መጻፌ ቢያስገርምህ አልፈርድብህም። ሰሞኑን የሲድኒውን ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ሳየው፣ አንተ አጠገቤ አለመኖርህ እንደ አዲስ ከበደኝ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ነገ ደመራ ሊሆን፣ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ከሰው ትከሻ በላይ እየተንጠራራን ነበር ያየነው። ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 250 ሜትር ያህል ሲቀረው ተፈትልኮ ሲወጣ፣ ክንዴን ጨምድደህ ይዘህ «አለቀ በቃ» አልክ። አላለቀም ነበር፤ ኃይሌ ስንዝር በስንዝር እየተጠጋ መጥቶ በመጨረሻዋ እርምጃ ደረቱን አስቀደመ። ኃይሌ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፣ ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29፣ አሰፋ መዝገቡም ሦስተኛ ሆኖ ገቡ። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር እንኳ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሰከንድ ነው፤ እነዚህ ግን 25 ዙር ሮጠው የተለያዩት በ0.09 ነው።

ያን ቀን እኔ ያየሁት ኃይሌን ብቻ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ቴርጋት ባይኖር ኖሮ ኃይሌ ያን ያህል ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ኃይሌ ኦስሎ ላይ ያስመዘገበውን ክብረ ወሰን ቴርጋት ሁለት ወር ሳይሞላ ብራሰልስ ላይ ወሰደበት፤ ኃይሌም በዓመቱ ሄንግሎ ላይ 26 ደቂቃ ከ22.75 ሮጦ አስመለሰ። ማራቶን ላይም ያው ነው፦ ቴርጋት በ2003 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ገብቶ ነበር፣ ኃይሌ ከአራት ዓመት በኋላ እዚያው በርሊን ወደ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ26 አወረደው።

እኛ ግን ሌላ ዓይነት ፉክክር ገባን። በ1997 ዓ.ም. የምርጫው ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ማታ ማታ እኔ ቤት ተሰብስበን የነበረውን አትረሳውም። ኢሕአዴግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ይቀጥል ይል ነበር፣ ቅንጅት ደግሞ የግል ይሁን። አንተ ገበሬው ሊሸጠውና ሊያስይዘው በማይችለው መሬት ላይ ገንዘቡንና ጉልበቱን አያፈስም ብለህ ተከራከርክ፤ እኔ ደግሞ አንድ ክፉ ዓመት ቢመጣ በርካሽ ሸጦ ከተማ ለልመና ይወጣል አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን መልስ ሲያጥረኝ፣ በሰው ፊት «የባላባት ጠበቃ» ብዬ ሰደብኩህ። ያጋመስከውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ ትተህ፣ ኮትህን አንሥተህ ወጣህ። ግንቦት 7 አልፎ፣ በየመንገዱ ሰው ሞቶ፣ አገሩ በሐዘን ሲመታ እንኳ ደጅህን አልረገጥኩም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አክስቴን ገጠር ሄጄ ጠይቄያት ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል ሰጥታለች። ስሟ የሰፈረበትን የይዞታ ደብተር በነጠላዋ ጠቅልላ ከሣጥን አውጥታ አሳየችኝ። በችግሯ ጊዜ መሸጥ ቢቻል ኖሮ ሸጣው ነበር፣ ራሷ ነግራኛለች፤ እኔ ያልኩት ይህን ነበር። በዚያው ደብተር ግን በሬ መግዣ የሚያበድራት አላገኘችም፤ አንተ ያልከውም ይህን ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ያንተን ቃል በልቤ ስደግመው፣ የራሴ ክርክር የት ላይ እንደሚሰነጠቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየኝ።

ወንድሜ፣ ስለዚያ ስድብ ይቅርታ አድርግልኝ። በመሬቱ ጉዳይ ግን ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም፣ አንተም እንደማትቀይር አውቃለሁ። ለመስቀል አዲስ አበባ እሆናለሁ። ፈቃድህ ከሆነ ቤትህ ልምጣና የአክስቴን ነገር አንሥቼ ልጠይቅህ፦ መሬቷን ሳታጣ በሬ የምታገኝበት መንገድ ምን ይመስልሃል?

አክባሪ ወንድምህ