ደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ፌጦ በእፍኝ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ከመድኃኒት ተክሎች ስለሚበቅል ማይክሮግሪን (ገና ለጋ ሳለ ተቆርጦ ስለሚበላ ቡቃያ) ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። እኔም ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ፌጦ፣ ድንብላልና ሰናፍጭ አበቅላለሁ። ግን የፌጦና የአብሽ ቡቃያ ስኳርና ደም ግፊት «ያድናል» ብላችሁ ማለፋችሁ አናደደኝ።

እውነት ነው፣ ቡቃያው ገንቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 25 ዓይነት ማይክሮግሪን መርምረው፣ አብዛኞቹ ከደረሰው ቅጠል ይልቅ በቪታሚንና በካሮቲኖይድ (ለካሮት ቀለሙን በሚሰጠው ዓይነት ንጥረ ነገር) የበለጸጉ ሆነው አገኟቸው፣ አንዳንዱማ እስከ 40 እጥፍ። በካሮቲኖይድ ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ድንብላል ነበር። ይቺን «40 እጥፍ» ሁሉም ይዟት ይሮጣል። ለመሆኑ ማነው ማይክሮግሪን በሳህን ሙሉ የሚበላው? እንጀራ ላይ የምንበትነው አንድ እፍኝ ነው፣ ቢበዛ 20 ግራም። ጎመናችሁን አትተዉ።

እፍኟም ቢሆን በጾም ትጠቅማለች። 100 ግራም ጥሬ የፌጦ ቅጠል 69 ሚሊግራም ያህል ቪታሚን ሲ አለው፣ ቪታሚን ሲ ደግሞ ሰውነታችን የምስሩንና የሽሮውን ብረት በደንብ እንዲወስድ ያግዘዋል። ወጡ ከወረደ በኋላ ነስንሱት፣ አብሮ ከተንተከተከ ቪታሚኑም ያ የሚሰነፍጠው ጣዕሙም ይጠፋል። (ቡናውንም ከምግቡ ራቅ አድርጉት፣ ብረቱን ይሻማል። ይህን እናቴ ፊት አልናገረውም።)

እናንተ ሳትጠቅሱት ያለፋችሁት ቪታሚን ኬን ነው። ፌጦ በቪታሚን ኬ የታወቀ ነው፣ እሱ ደግሞ ደም እንዲረጋ የሚያደርግ ነው። የልብ ቫልቭ ተቀይሮለት ደሙ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጽሑፋችሁን አምኖ ድንገት በየቀኑ በእፍኝ መብላት ቢጀምር መድኃኒቱ ሊደክምበት ይችላል። አብሽ የደም ስኳር የማውረድ ጠባይ አለው፣ ግን በብዛት የተጠናው ፍሬው እንጂ ቡቃያው አይደለም፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ባይደርብ ይሻለዋል። ለማይክሮግሪን «ማንኛውም የመድኃኒት ተክል ይሆናል» ያላችሁትማ! ጤና አዳም ቡና ላይ ቅንጥብ ተደርጎ ሲገባ ሌላ ነው፣ በእፍኝ ሲበላ ሌላ። በተለይ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው።

የንጽሕናውም ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ የተባለ የአንጀት ባክቴሪያ ተነስቶ ወደ 4 ሺህ ሰው ታመመ፣ ከ50 በላይ ሞተ። ምርመራው የአብሽ በቆልት ላይ ነው የደረሰው። በቆልት በእርጥበት ታፍኖ በቅሎ ከነሥሩ ይበላል። ማይክሮግሪን ብርሃንና አየር ያገኛል፣ ከአፈር በላይ ይቆረጣል፣ ስለዚህ ስጋቱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም፤ እጅም ዕቃም ይታጠብ። ለመዝሪያ የሚሸጠውን ቀለም የተቀባ ዘር አትንኩት፣ ኬሚካል አለበት፤ ከቅመም ሻጮች ለምግብ የሚሸጠውን ግዙ። ፌጦን አትዘፍዝፉት፣ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። እርጥብ አፈር ላይ በትናችሁት በሳምንት፣ በ10 ቀን በመቀስ ትቆርጡታላችሁ። ድንብላል ግን ዘገምተኛ ነው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

ሌላው ቢቀር የዋርፋሪኑን ነገር በሚቀጥለው እትም አውጡልን፣ ያውም በመጀመሪያው ጽሑፍ መጠን፣ ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን።

አንባቢያችሁ፣ ከጎፋ፣ አዲስ አበባ