ጉብታዋ ስትጠፋም ንገሩን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሰርን ሂግስ ቦዞን የተባለውን ቅንጣት ካገኘ በኋላ ባዶ እጁን ቀረ በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 የሆነውን አስታውሱ። አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት የሰርን መመርመሪያዎች በ750 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ጥንድ ፎቶኖች፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣቶች፣ ከሚጠበቀው በላይ በዝተው አዩ። ግራፉ ላይ ትንሽ ጉብታ ናት፣ በቃ። ግን የታወቁትን ቅንጣቶች ከሚያብራራው ንድፈ ሐሳብ፣ ከስታንዳርድ ሞዴል፣ ውጪ የሆነ አዲስ ቅንጣት ሊሆን ይችላል ተብሎ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥናቶች ተጻፉባት። በኦገስት 2016 ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ድራሿ ጠፋ። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ቅንጣቱ እዚያ እንደሌለ ስለታወቀ ነው ቀጣዩ ፍለጋ የጠበበው፣ እኔን እንዲያውም ደስ የሚለኝ ራሳቸው ያዩትን ራሳቸው መልሰው መፈተሻቸው ነው።

ችግሩ አዘጋገቡ ላይ ነው። ጉብታዋ ስትታይ ጩኸት፣ ስትጠፋ ዝምታ። አንባቢ ተታለልኩ ቢል ይፈረድበታል?

ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ዜና ስታወጡ ውጤቱ ስንት ሲግማ (ከአጋጣሚ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚለካበት ነው) እንደሆነ ጻፉልን። ግኝት ለመባል 5 ያስፈልጋል፤ ያን ያህል ነገር እንዲሁ በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ሌላ መመርመሪያ አይቶት እንደሆነም ጨምሩበት። ሲጠፋ ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ አሳውቁን።

አንባቢያችሁ