ለአማርኛ ዊኪፔዲያ የጽሑፍ ውድድር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የአማርኛ አንባቢዎችና ወዳጆች፣

ዊኪፔዲያ ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ከተጀመረ ወዲህ፣ የሚጽፉበት ሰዎች ደመወዝ የማይቀበሉበት፣ የሚያነቡት ሰዎችም የማይከፍሉበት መዝገበ ዕውቀት ሆኖ በብዙ ቋንቋዎች ተስፋፍቷል። የአማርኛው ክፍል ዛሬ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ይዟል። ቁጥሩ ለሰሚ ብዙ ቢመስልም፣ አብዛኞቹን ከፍቶ የሚያይ ሰው የሚያገኘው አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ስለ አንዲት ከተማ ለማወቅ የገባ ተማሪ በየትኛው ክልል እንደምትገኝ አንብቦ፣ ሌላ ምንም ሳያገኝ ይወጣል። የስዋሂሊና የሃውሳ ክፍሎች በመጣጥፍ ብዛት ከእጥፍ በላይ በልጠውን ሄደዋል። ይህን ለማሻሻል እኛ ጥቂት በጎ ፈቃደኛ ጸሐፊዎች የሦስት ወር የጽሑፍ ውድድር አዘጋጅተናል። ለማስፈጸሚያው ካስፈለገው 144,000 ብር ውስጥ 31,000 ብሩን ከየኪሳችን አዋጥተናል፤ የጎደለውን 113,000 ብር ደግሞ ከእናንተ ለመጠየቅ ይህን ጥሪ አቅርበናል።

ሥራው በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ከሆነ ገንዘቡ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ከመካከላችን አንዷ ስለ ጌሾ ለመጻፍ በተነሳች ጊዜ የሆነውን ብንናገር መልሱ ይገኝበታል። ቅጠሉ በአብዛኛው ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ እንደሚውል፣ ጥንስሱ ላይ መቼ እንደሚጨመር ከእናቷ ጓዳ ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ነገር ግን የዊኪፔዲያ ደንብ አንድ ጽሑፍ በታተመና ሌላ ሰው ሊያመሳክረው በሚችል ምንጭ እንዲደገፍ ስለሚያዝ፣ እናቷን በምንጭነት መጥቀስ አትችልም። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ ወመዘክር ተመላለሰች፣ የሚያስፈልጋትን ገጾች ኮፒ አስደረገች፣ ጽሑፉን በስልኳ ቁልፍ ሰሌዳ ፊደል በፊደል ለቀመች፣ መርካቶ ጌሾ ተራ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ስትጭን ደግሞ የወሩ የኢንተርኔት ጥቅሏ አለቀ። ላቧንና ጊዜዋን በፈቃዷ ሰጥታለች፤ ታክሲውን፣ ኮፒውንና ጥቅሉን ግን ከምሳዋ ቀንሳ ነው የከፈለችው። እኛ የምንጠይቀው ድጋፍ በመጀመሪያ ደረጃ ይህን ወጪ ለመሸፈን ነው።

ሽልማቱን በተመለከተ ከዚህ በፊት የተሠራውን ስሕተት ደብቀን ገንዘብ ልንጠይቃችሁ አንፈልግም። ይህን ጥሪ የምጽፈው ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት በዳኝነት በተቀመጥኩበት አንድ ውድድር ሽልማቱ የሚሰጠው ብዙ መጣጥፍ ላቀረበ ሰው ነበር። አንድ ተወዳዳሪ በአንድ ሌሊት አርባ ጽሑፍ አስገባ። ስለ ቡና የጻፈውን ስከፍት «ይህ ፋብሪካ አረንጓዴ ቅጠሎችና ነጭ አበቦች አሉት» ይላል። እንግሊዝኛው ተክልንም ፋብሪካንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ የትርጉም ማሽኑ ፋብሪካውን መርጧል፤ ሰውየውም ሳያነበው ለጥፎታል። መጀመሪያ ሳቅን፣ ቀጥሎ ደንቡን ስናይ ሳቁ ጠፋ፤ ቁጥር እንጂ ጥራት ስለማይጠይቅ ሽልማቱን ልንከለክለው አልቻልንም። እነዚያን አርባ ገጾች ለማረምና የማይታረሙትን ለመሰረዝ ሦስት ሰዎች ሳምንታት ፈጅተናል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ጎግል በኬንያና በታንዛኒያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የስዋሂሊ ዊኪፔዲያ ውድድር ሲያካሂድ፣ ላፕቶፕና ስልክ የመሳሰሉ ሽልማቶች ቀርበው በአጭር ጊዜ ብዙ ጽሑፍ ተገኘ፤ ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ግን ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ወደ ሥራው አልተመለሱም። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2018 በአገሪቱ ቋንቋዎች ለሚጽፉ በጎ ፈቃደኞች በተዘጋጀው ፕሮጀክት በአንጻሩ፣ ከውድድሩ ጎን ለጎን ቀድሞውኑ በሥራ ላይ ለነበሩ ጸሐፊዎች ላፕቶፕና የኢንተርኔት ወጪ ተሰጥቷል። ለእኛ የሚሻለው የኋለኛው አካሄድ ይመስለናል፤ የበጀታችን አብዛኛው ክፍልም ለዋንጫ ሳይሆን ለኢንተርኔት ወጪና ለቀጣይነት የተመደበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ያስቸገረን ነገር የጽሑፍ መለኪያ ነው። በዓለም አቀፍ ውድድሮች የአንድ ጽሑፍ ርዝመት በባይት፣ ማለትም ጽሑፉ በኮምፒውተር ላይ በሚይዘው ቦታ፣ መለካቱ የተለመደ ሲሆን፣ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በመሆኑም ሦስት ሺህ ባይት የሚለውን መስፈርት አማርኛ ጸሐፊ በአንድ ሺህ ፊደል ይሞላዋል፤ ያ ደግሞ ከሁለት መካከለኛ አንቀጽ ብዙም አይበልጥም። በዚህ ምክንያት ዘንድሮ የምንቆጥረው ቃል ነው። ዝቅተኛው 300 ቃል እንዲሆን ወስነናል፤ «አልነገረችኝም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን ሌላው ቋንቋ በአራትና በአምስት ቃል እንደሚናገረው ስናስብ፣ 300 የአማርኛ ቃል ቀላል ሸክም አይደለም። እያንዳንዱ ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት የታተሙ ምንጮች ይኑሩት፣ ከሌላ መጽሐፍ ቃል በቃል የተገለበጠ ከውድድሩ ይወጣል፣ ማሽን ተርጉሞት ሰው ያላረመውም እንዲሁ። አዲስ ገጽ ከመክፈት ይልቅ ያለውን የአንድ መስመር ገጽ አሳድጎ ያቀረበ እኩል ነጥብ ያገኛል። «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» ተብለው በሁለት ገጽ የተጻፉ መንትያ ጽሑፎችን ያዋሐደም እንደዚያው፤ ይህን የመሰለ ሥራ ማንም አያመሰግንበትምና እኛ ብናመሰግን ብለን ነው።

ገንዘቡ የሚውልበት ዝርዝር እንደሚከተለው ነው። ለ30 ተሳታፊዎች ለሦስት ወር፣ ለእያንዳንዳቸው በየወሩ 600 ብር የኢንተርኔት ጥቅል 54,000 ብር ይሆናል። በየወሩ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለሚወጡ 6,000፣ 4,000 እና 2,000 ብር የሚሸለም ሲሆን በሦስቱ ወራት 36,000 ብር ይደርሳል። ለሁለት ቀን ሥልጠና አዳራሽ፣ ሻይና ምሳ 20,000 ብር፣ ለኮፒና ለቤተ መጻሕፍት መመላለሻ 10,000 ብር ይዘናል። የቀረው 24,000 ብር ውድድሩ ካበቃ ከስድስት ወር በኋላ፣ ያኔም እየጻፉ ለተገኙ ሰዎች የሚከፋፈል ነው። በኮሚቴያችን ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሳው ይህ የመጨረሻው ነበር፤ ገንዘቡ አንደኛ ለወጣው ቢጨመር ማስታወቂያው ይደምቅ ነበር የሚሉ አባላት ነበሩ፣ የስዋሂሊው ታሪክ ሲነሳ ግን ተስማማን። ዳኞቹ ምንም አይከፈላቸውም፤ መወዳደርም አይችሉም።

በዊኪፔዲያ ገጽ ላይ አልፎ አልፎ የሚወጣው የእርዳታ ጥያቄ የት ይሄዳል የምትሉም አላችሁ። ያ ገንዘብ የሚገባው ዊኪፔዲያን ለሚያስተዳድረው ለዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ሲሆን ለሰርቨሮቹ፣ ለሠራተኞቹና ለልዩ ልዩ ድጋፎች ይውላል፤ ለጸሐፊ ክፍያ የለውም። ፋውንዴሽኑ እንደኛ ላሉ ቡድኖች ከ500 እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጥበት አሠራር አለው፤ እኛም ወደፊት እናመለክታለን። ሆኖም የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ሙሉ በሙሉ በውጭ እጅ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቀር አንወድም። ዕድር በወር መዋጮ ድንኳኑንና ዕቃውን እንደሚያሟላ ሁሉ፣ አንባቢው ራሱ የሚያዋጣበት ሥራ ባለቤት አያጣም ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እናሳስባለን። ገንዘብ የሰጠ ሰው ወይም ድርጅት ስለራሱ ገጽ አይጻፍለትም፣ የተጻፈ ካለም አይለሰልስለትም። ለጋስ ነጋዴ ከገንዘቡ ጋር የሕይወት ታሪኩን በአባሪነት ልኮልን ያውቃል፤ አመስግነን ሁለቱንም መልሰናል። የለጋሾች ስም፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከሒሳብ መግለጫው ጋር ይወጣል፤ ያ ብቻ ነው።

በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችን ከገንዘቡ ሌላ የምታግዙበት መንገድ አለ። ባትሪው ደክሞም ቢሆን የሚሠራ ላፕቶፕ፣ በቤታችሁ መደርደሪያ ያለ የቆየ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ራሳችሁ አንስታችሁ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ፈቅዳችሁ የምትለቁት ፎቶ፣ ሁሉም ይጠቅመናል። በተለይ በእስራኤል ያላችሁ ስለ ቤተ እስራኤል ታሪክ ብትጽፉ ክፍተቱን ከማንኛችንም በተሻለ ትሞላላችሁ፤ ለዚህ መወዳደርም አያስፈልግም።

ሒሳቡ በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው። መዋጮ የምታደርጉ ሁሉ በምታውቁት የኮሚቴ አባል በኩል የሒሳብ ቁጥሩን ተቀብላችሁ፣ ገቢ ካደረጋችሁ በኋላ ደረሰኙን እንድትልኩልን እንጠይቃለን። ከ50 ብር ጀምሮ ማንኛውንም መጠን እንቀበላለን። ውድድሩን ዊኪፔዲያ በተመሠረተበት ጥር 7 ለመክፈት አስበን ነበር፤ ቀኑ የሥላሴ ንግሥ መሆኑን፣ ከተራና ጥምቀትም ተከትለው እንደሚመጡ ያስታወሱን አንድ አባት ስላሉ ወደ ጥር 15 አዛውረነዋል። ለሥልጠናው አዳራሽ ቀብድ መክፈል ስላለብን መዋጮው እስከ ታኅሣሥ 20 ቢደርሰን መልካም ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባው ገንዘብ ከስድስት ወር በኋላ ለሚሰጠው ድርሻ ይታከላል፤ የእያንዳንዱ ብር ወጪም በሚያዝያ መጨረሻና በጥቅምት መጨረሻ ለሁላችሁም ይገለጻል።

ከአክብሮት ጋር፣
የውድድሩ አዘጋጅ ኮሚቴ